ያገለገለ መኪና ለበጎ አድራጎት ስለ መስጠት

ለነጋዴዎችና ለጸሐፊዎቻቸው የቀረበ ትምህርት

የንግድ ሥራ መሠረቱ ዋጋን ለይቶ ማወቅ ነው። አንድ ነጋዴ የቡናውን፣ የቆዳውን ወይም የጨርቁን ዋጋ ገና ከመጋዘን ሳያወጣ በልቡ ይገምት ይሆናል፤ ዳሩ ግን ዕቃው ተሸጦ ገንዘቡ እስኪቆጠር ድረስ ግምቱ ግምት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህን እውነት በመሸጥና በመግዛት ጊዜ ከቶ የማይዘነጋው ሰው፣ በመስጠት ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ሲዘነጋው ይታያል። ለሽያጭ ቢሆን ኖሮ አሥር ጊዜ የሚያሰላውን ዕቃ፣ ስጦታ በሆነ ጊዜ «ይህ ይህን ያህል ያወጣል» ብሎ በአፉ ብቻ ይተምነዋል። ከዚህም የተነሣ ሦስት ወገኖች ይጎዳሉ፤ እነርሱም ሰጪው፣ ተቀባዩና ግብር ሰብሳቢው መንግሥት ናቸው።

ይህንኑ ለመረዳት ያገለገለ መኪናን ለበጎ አድራጎት ድርጅት ከመስጠት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ልማዱ እጅግ የተስፋፋውና ሕጉም በዝርዝር የተጻፈው በአሜሪካ ስለ ሆነ፣ ትምህርቱ የተወሰደው ከዚያው አገር ነው። በዚያ አገር ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፣ ከእነርሱም ጋር በንግድ የሚጻጻፉ አስመጪዎችና ላኪዎች ጥቂት ስላልሆኑ፣ ጉዳዩ ለአገር ቤቱም ነጋዴ ሩቅ አይደለም። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ የልማዱ አካሄድ

በአሜሪካ አንድ መኪና ካረጀና የማሳደሻው ወጪ ከዋጋው ጋር መወዳደር ከጀመረ፣ ባለቤቱ በፊቱ ሦስት መንገዶች ያገኛል። ይኸውም ራሱ ገዢ ፈልጎ መሸጥ፣ ወይም አዲስ መኪና ሲገዛ አሮጌውን ለሻጩ አስረክቦ ዋጋውን ማሳሰብ፣ ወይም ደግሞ ለበጎ አድራጎት ድርጅት መስጠት ነው። ሦስተኛውን የመረጠ እንደ ሆነ ነገሩ ቀላል ሆኖ ይታየዋል። ስልክ ይደውላል፤ ጎታች መኪና ያለ ክፍያ ከደጁ መጥቶ አሮጌውን መኪና ይወስድለታል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ደረሰኝ በፖስታ ይደርሰዋል። መኪናው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ድርጅቱ ግቢ አይገባም። ወደ ሐራጅ ቦታ ሄዶ ይሸጣል፤ ከሽያጩም ወጪው ተቀንሶ የተረፈው ለድርጅቱ ይሰጣል።

ሰጪው ከዚህ ሁለት ነገር ያገኛል። አንደኛው በጎ ሥራ በመሥራቱ የሚሰማው ደስታ ሲሆን፣ ሁለተኛው በገቢ ግብር ሒሳብ ላይ የሚፈቀድለት ተቀናሽ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ በሁለተኛው ነው። ተቀናሹ የሚነሣው ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ነው እንጂ ከግብሩ ላይ አይደለም። ስለዚህ 1,000 ዶላር የሚያወጣ ነገር የሰጠ ሰው 1,000 ዶላር አይመለስለትም፤ የገቢው የመጨረሻ ክፍል ከመቶ 22 በሚታሰብበት ደረጃ ላይ ቢሆን፣ የሚቀርለት ግብር 220 ዶላር ብቻ ነው።

ከዚህም ሌላ ተቀናሹን ለማግኘት ሰጪው ወጪዎቹንና ስጦታዎቹን በዝርዝር የሚያስታውቅ መሆን አለበት። የአሜሪካ ሕግ ዝርዝር ለማያቀርብ ሰው ሁሉ አንድ መደበኛ ተቀናሽ ይፈቅዳል። ይህም መደበኛ ተቀናሽ ለ2025 የግብር ዓመት ለላጤ 15,750 ዶላር፣ አንድ ላይ ለሚያስታውቁ ባልና ሚስት ደግሞ 31,500 ዶላር ነው። የዝርዝር ወጪው ከዚህ የማይበልጥ ቤተ ሰብ መደበኛውን ተቀናሽ ስለሚመርጥ፣ የሰጠው መኪና በግብሩ ላይ አንዳች ለውጥ አያመጣለትም። ይህን ሳያውቅ «ግብር ይቀነስልኛል» ብሎ የሚሰጥ ሰው ጥቂት አይደለም።

2ኛ፤ ከ2004 ዓ.ም. በፊት የነበረው ሁኔታ

ከ2004 ዓ.ም. በፊት የነበረው ደንብ ለሰጪው እጅግ የላላ ነበር። ሰጪው መኪናው በገበያ ያወጣል ብሎ የገመተውን ዋጋ፣ የያገለገሉ መኪናዎች ዋጋ ከሚታተምበት መጽሐፍ ተመልክቶ በግብር ማስታወቂያው ላይ ይጽፋል። መኪናው ከዚያ በኋላ በስንት እንደ ተሸጠ የሚጠይቀው አልነበረም። መጽሐፉ የሚናገረው በደኅና ስለ ተያዘ መኪና ሲሆን፣ የሚሰጠው መኪና ግን ብዙ ጊዜ ሞተሩ የደከመ ወይም ማርሹ የተበላሸ ነበር።

የአሜሪካ ኮንግሬስ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በኅዳር 2003 ስለዚህ ጉዳይ ዘገባ አወጣ። በ2000 የግብር ዓመት 733,000 ያህል የግብር ማስታወቂያዎች የመኪና ስጦታ እንደ ተጻፈባቸው፣ በዚህም የተነሣ ለመንግሥት ሊገባ የሚገባው ግብር በ654 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደ ቀነሰ ገመተ። ቀጥሎም 54 መኪናዎችን ከሰጪው እጅ አንሥቶ እስከ መጨረሻው ሽያጭ ድረስ ተከታተለ። ከእነዚህ ውስጥ በሁለት ሦስተኛው ያህል ለበጎ አድራጎቱ ድርጅት የደረሰው ገንዘብ፣ ሰጪው በግብር ማስታወቂያው ላይ ከጻፈው ዋጋ ከመቶ 5 ወይም ከዚያ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ከዘገባው ምሳሌዎች አንዱ ለማናቸውም ጸሐፊ በመዝገብ ላይ ሊጻፍ የሚገባው ነው። አንድ በ1983 የተሠራ የጭነት መኪና በሐራጅ በ375 ዶላር ተሸጠ። የአሰባሳቢውና የማስታወቂያው ወጪ ሲነሣለት የተረፈው 63 ዶላር ሆነ። ይህም በገንዘብ አሰባሳቢውና በድርጅቱ መካከል እኩል ስለ ተከፈለ፣ ለበጎ አድራጎቱ የደረሰው 31 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ሰጪው ግን በግብር ማስታወቂያው ላይ የጻፈው 2,400 ዶላር ነበር።

ይህ ሰው ሌባ አልነበረም። የጻፈው ዋጋ ከታወቀ የዋጋ መጽሐፍ የተወሰደ ነው፤ የፈጸመውም ሕጉ የፈቀደውን ነው። ስሕተቱ በመጽሐፍ የተጻፈን ዋጋና በገበያ የተገኘን ዋጋ አንድ አድርጎ መቁጠሩ ላይ ነው። ድሀው 31 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሲደርሰው፣ መንግሥት ግን በ2,400 ዶላር ገቢ ላይ ሊሰበስብ የሚገባውን ግብር አጣ።

3ኛ፤ የ2004ቱ ሕግ

ኮንግሬስ ይህን ከተመለከተ በኋላ በጥቅምት 2004 ባወጣው ሕግ ነገሩን አስተካከለ፤ ደንቡም ከጥር 1 ቀን 2005 ጀምሮ ጸና። የደንቡ ፍሬ ነገር አጭር ነው። ሰጪው ከ500 ዶላር በላይ ተቀናሽ የሚጠይቅ ከሆነና ድርጅቱም መኪናውን ሳይገለገልበት የሸጠው ከሆነ፣ የሚፈቀደው ተቀናሽ መኪናው በእርግጥ ከተሸጠበት ዋጋ አይበልጥም። የሚቆጠረውም ጠቅላላው የሽያጭ ዋጋ ነው፤ ለድርጅቱ በመጨረሻ የደረሰው ድርሻ አይደለም። ይኸው ደንብ ለመኪና ብቻ ሳይሆን ለጀልባና ለአውሮፕላንም ይሠራል።

መኪናው በ500 ዶላር ወይም ከዚያ ባነሰ ዋጋ የተሸጠ እንደ ሆነ፣ ሰጪው የገበያ ግምቱን ወይም 500 ዶላርን፣ ከሁለቱ ያነሰውን ሊጠይቅ ይችላል። ከላይ የተነገረው የጭነት መኪና ከ2005 ወዲህ የተሰጠ ቢሆን ኖሮ፣ ሰጪው ሊጠይቅ ይችል የነበረው ከ2,400 ዶላር ወደ 500 ዶላር ወርዶ ይገኝ ነበር። ሕጉ ከወጣ በኋላ በግብር ማስታወቂያ ላይ የሚጻፉት የመኪና ስጦታዎች በቁጥርም በዋጋም እጅግ ቀነሱ። ይህም ቀድሞ ከተሰጡት መኪናዎች ብዙዎቹ ይሰጡ የነበሩት ከድሀው ይልቅ ለተቀናሹ ታስቦ እንደ ነበረ ያመለክታል።

4ኛ፤ ከደንቡ ውጭ የሆኑ ሦስት ጉዳዮች

ሕጉ መኪናው ለድርጅቱ በእውነት የጠቀመ እንደ ሆነ ለሰጪው ይራራለታል። በሚከተሉት በሦስቱ ጉዳዮች ሰጪው በሽያጩ ዋጋ ሳይወሰን ሙሉውን የገበያ ግምት ሊጠይቅ ይችላል።

ሀ) ድርጅቱ መኪናውን ለራሱ ዓላማ በሚገባ የተገለገለበት እንደ ሆነ። ለምሳሌ ለችግረኞች በየቀኑ ምግብ የሚያመላልስ ድርጅት በመኪናው አንድ ዓመት ሙሉ ቢያመላልስበት፣ ይህ በቂ አገልግሎት ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነድቶ የሸጠው እንደ ሆነ ግን አይበቃም።

ለ) ድርጅቱ ዋጋውን በግልጽ ከፍ የሚያደርግ ትልቅ ጥገና ያደረገለት እንደ ሆነ። ማጠብ፣ ቀለም መቀባት፣ ጥቂት ጉድለት ማቃናትና የተለመደው የዘይት ለውጥ በዚህ ውስጥ አይቆጠሩም።

ሐ) ድርጅቱ መኪናውን ለችግረኛ ሰው በነፃ የሰጠው ወይም ከገበያው እጅግ በወረደ ዋጋ የሸጠለት እንደ ሆነ፤ ይህንንም ያደረገው ችግረኞችን በመጓጓዣ የመርዳት ዓላማው አድርጎ ሲገኝ ነው።

የገበያ ግምት ሲባልም አንድ ሰው ለሌላ ሰው የሚሸጥበት ዋጋ ማለት ነው እንጂ፣ የመኪና መደብር በትርፍ የሚሸጥበት ዋጋ ማለት አይደለም። ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሱቁ ኪራይ፣ የጥገናውና የዋስትናው ወጪ፣ የባለሱቁም ትርፍ አለ። በዚህ ዓይነት በግምት የሚጠየቀው ተቀናሽ ከ5,000 ዶላር የሚበልጥ ከሆነ የታወቀ ገማች የጻፈው ግምት ያስፈልጋል።

5ኛ፤ ስለ ወረቀቱ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው አነጋገር የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ከ500 ዶላር በላይ ተቀናሽ የሚጠይቅ ሰው ከድርጅቱ «ቅጽ 1098-ሲ» የሚባለውን ወይም የዚያኑ ቃል የያዘ ማረጋገጫ መቀበል አለበት። ድርጅቱ መኪናውን የሸጠው ከሆነ ማረጋገጫውን በተሸጠ በ30 ቀን ውስጥ፣ ለአገልግሎቱ ያስቀረው ወይም ለችግረኛ የሰጠው ከሆነ ደግሞ በተቀበለ በ30 ቀን ውስጥ ለሰጪው መስጠት ይገባዋል። በማረጋገጫው ላይ የሰጪው ስምና የግብር መለያ ቁጥር፣ የመኪናው መለያ ቁጥር፣ የተሰጠበት ቀን፣ የተሸጠበት ቀንና ዋጋ፣ ወይም ስለ አገልግሎቱ የተሰጠው ቃል ይጻፋሉ። ሰጪው ይህን ማረጋገጫ ከግብር ማስታወቂያው ጋር ያያይዛል፤ በተጨማሪም «ቅጽ 8283» የሚባለውን ይሞላል። ማረጋገጫው የሌለው ሰው ሥራው የቱንም ያህል በጎ ቢሆን ከ500 ዶላር በላይ ያለውን ተቀናሽ ያጣዋል። እያወቀ የሐሰት ማረጋገጫ የሰጠ ድርጅትም ይቀጣል።

ተቀናሹ ከ250 እስከ 500 ዶላር የሆነ ጊዜ ደግሞ የድርጅቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ ይበቃል፤ በዚህ ማረጋገጫ ላይ ሰጪው በምላሹ የተቀበለው ነገር መኖር አለመኖሩ መጻፍ አለበት። ጥንቁቅ ጸሐፊ የእነዚህን ወረቀቶች ግልባጭ፣ የመኪናውን ፎቶግራፍና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በአንድ ዶሴ ያስቀምጣል።

6ኛ፤ መኪናው የንግድ መኪና በሆነ ጊዜ

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ለቤተ ሰብ መኪና ነው። ነጋዴውን በተለይ የሚመለከተው ግን የሚከተለው ነው።

መኪና በመሸጥ የሚተዳደር ነጋዴ ለሽያጭ ካስቀመጣቸው መኪናዎች አንዱን ቢሰጥ፣ መኪናው በዚህ ልዩ ደንብ አይገዛም። እንደ ማናቸውም የሱቅ ዕቃ ይቆጠራል፤ ተቀናሹም ከመግዣ ዋጋው ወይም ከገበያ ዋጋው ካነሰው አይበልጥም። ስለዚህ ያላገኘውን ትርፍ እንዳገኘ ቆጥሮ መስጠት አይችልም።

በሥራው ላይ የሚገለገልበትን መኪና የሚሰጥ ነጋዴ ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ ይገባዋል። ይህ ነጋዴ መኪናውን ከገዛበት ዓመት ጀምሮ የእርጅና ተቀናሽ በየዓመቱ ሲወስድ ኖሯል። ለምሳሌ አንድ ዳቦ ጋጋሪ የዕቃ ማመላለሻ መኪና በ24,000 ዶላር ገዝቶ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሙሉው ዋጋ በእርጅና ተቀንሶ በመዝገቡ ላይ ዜሮ ሆነ እንበል። መኪናው በገበያ ገና 4,000 ዶላር ያወጣል። ዳቦ ጋጋሪው ይህን መኪና በጎ አድራጎት ለሚሠራ ድርጅት ቢሰጥ የሚፈቀድለት ተቀናሽ ምንም ነው። ምክንያቱም ቢሸጠው ኖሮ 4,000 ዶላሩ ግብር የሚከፈልበት ተራ ገቢ ሆኖ ይቆጠርበት ስለ ነበረ፣ ሕጉ ይህንኑ ያህል ከስጦታው ግምት ላይ ያነሣል። አንድ ጊዜ በእርጅና የተቀነሰ ዋጋ ሁለተኛ በስጦታ አይቀነስም ማለት ነው።

በዋሽንግተንና በአካባቢው በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ከእነዚህ ወጪያቸውን በተነዳው ማይል ልክ የሚያሳስቡ፣ በማይሉ ሒሳብ ውስጥ የእርጅናው ድርሻ ተጨምሮ እንደሚገኝ ማወቅ ይገባቸዋል። ስለዚህ ታክሲያቸውን በሚሰጡበት ጊዜ ይኸው ነገር ይደርስባቸዋል። ሰጪው ይህን አስቀድሞ ከሒሳብ ዐዋቂ ጋር ካልተመካከረ፣ በሚያዝያ ወር ያልጠበቀውን ወሬ ይሰማል።

7ኛ፤ በቁጥር የተሠራ ምሳሌ

አንድ ባልና ሚስት ለሰው ቢሸጥ 2,000 ዶላር የሚያወጣ የቤት መኪና አላቸው እንበል። የገቢያቸው የመጨረሻ ክፍል ከመቶ 22 ይታሰብበታል። በመጀመሪያው መንገድ መኪናውን በአሰባሳቢ በኩል ለድርጅት ሰጡ። መኪናው በሐራጅ በ900 ዶላር ተሸጠ፤ ለጎታችና ለማስታወቂያ 250 ዶላር ወጣ፤ የተረፈው 650 ዶላር እኩል ተከፈለ። ድርጅቱ 325 ዶላር አገኘ። ባልና ሚስቱ ዝርዝር የሚያስታውቁ ከሆነ 900 ዶላር ይቀነስላቸዋል፤ ግብራቸውም በ198 ዶላር ይቀንሳል። መደበኛውን ተቀናሽ የመረጡ እንደ ሆነ ግን ምንም አይቀንስላቸውም።

በሁለተኛው መንገድ መኪናውን ሁለት ሳምንት ታግሠው ራሳቸው በ2,000 ዶላር ሸጡና ገንዘቡን ለዚያው ድርጅት ሰጡ። ድርጅቱ 2,000 ዶላር አገኘ። ዝርዝር የሚያስታውቁ ከሆነ ግብራቸው በ440 ዶላር ይቀንሳል። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከ2026 የግብር ዓመት ጀምሮ ዝርዝር የማያስታውቅ ሰው በጥሬ ገንዘብ ለሰጠው ስጦታ ላጤ እስከ 1,000፣ ባልና ሚስት እስከ 2,000 ዶላር ተቀናሽ ስለ ተፈቀደ፣ መደበኛውን ተቀናሽ ቢመርጡም ይኸው ጥቅም አይቀርባቸውም። መኪና ግን ጥሬ ገንዘብ ስላልሆነ በዚህ አይጠቃለልም። በዚያው ዓመት ለዝርዝር አስታዋቂዎች ከገቢያቸው ከመቶ ግማሽ ያህል የሚሆነው የመጀመሪያው ስጦታ እንዳይቀነስ ስለ ተወሰነ፣ የእነርሱ ጥቅም ከላይ ከተጻፈው በመጠኑ ያንሳል።

ሁለቱን መንገዶች ያስተያየ ሰው ልዩነቱን ያያል። በሁለተኛው መንገድ ድርጅቱ ከ6 እጥፍ በላይ አገኘ፤ ሰጪዎቹም የበለጠ ተጠቀሙ። የከፈሉት ዋጋ የሁለት ሳምንት ድካም ብቻ ነው። እንግዲህ መኪናው የሚንቀሳቀስና ገዢ ያለው ከሆነ ሸጦ ገንዘቡን መስጠት ይሻላል። መኪናውን ራሱን መስጠት የሚሻለው ገዢ የማይገኝለት ሲሆን፣ ወይም ድርጅቱ ራሱ የሚገለገልበት ሲሆን፣ ወይም ለችግረኛ ቤተ ሰብ የሚሰጠው ሲሆን፣ ወይም ወጣቶችን መካኒክነት የሚያስተምርበት ሲሆን ነው።

8ኛ፤ ስለ ተቀባዩ

ተቀናሽ የሚፈቀደው በአሜሪካ ሕግ ለተቋቋመና የግብር ሕጉ ለሚቀበለው ድርጅት ለተሰጠ ስጦታ ነው። የአገሩ የግብር መሥሪያ ቤት የእነዚህን ድርጅቶች ስም ዝርዝር ለማንም እንዲታይ አድርጎ ያወጣል። አብያተ ክርስቲያናት ግን በዚህ ዝርዝር ላይ እንዲመዘገቡ አይገደዱም፤ ስለዚህ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ስም ባይገኝ ስጦታው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ለተቸገረ ዘመድ ወይም ለጎረቤት የተሰጠ መኪና መልካም ሥራ ነው፤ ተቀናሽ ግን የለውም። አባላቱን ብቻ ለመርዳት የቆመ ዕድርም በበጎ አድራጎት ድርጅትነት ካልተመዘገበ ተቀናሽ አያስገኝም። በኢትዮጵያ ለሚገኝ ድርጅት በቀጥታ የተሰጠ ስጦታም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ተመዝግቦ በኢትዮጵያ ሥራ ለሚሠራ ድርጅት የተሰጠ ግን ይፈቀዳል።

ሰጪው ከመስጠቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ ነውር የለበትም። መኪናውን የሚቀበለው ድርጅቱ ራሱ ነው ወይስ አሰባሳቢ ደላላ? ድርጅቱ ከሽያጩ ከመቶ ስንቱን ይወስዳል? ቅጹን የሚሰጠው ማን ነው? በቀጥታ የማይመልስ ተቀባይ ካጋጠመው፣ ሌላ ድርጅት መፈለግ ይሻላል።

9ኛ፤ ስም ስለ ማዛወር

የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ የተቀባዩን ስም ባዶ ትቶ መፈረም ትልቅ ስሕተት ነው። መኪናው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ፣ የማቆሚያ ቅጣቱም የአደጋውም ክስ በመዝገብ ላይ ስሙ ወደሚገኘው ወደ ቀድሞው ባለቤት ይመጣል። ስለዚህ ሰጪው የድርጅቱን ስም ጽፎ ይፈርማል፤ መኪናውን ማስተላለፉን ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ያስታውቃል፤ ኢንሹራንሱንም ከዚያ በኋላ ያቋርጣል። ስለ ሰሌዳው የየክፍለ ግዛቱ ደንብ ይለያያል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ሰሌዳው ከሰጪው ጋር ይቀራል፤ በካሊፎርኒያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው ጋር ይሄዳል።

10ኛ፤ ለኢትዮጵያ ነጋዴ የሚተርፈው ትምህርት

በውጭ አገር ያለ ወገን «መኪናዬን ለአገር ቤት ድርጅት ልላክ» ብሎ ለአስመጪ ቢጽፍ፣ አስመጪው ሊመልስለት የሚገባው መልስ ግልጽ ነው። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከበድ ያለ ታክስ ጣለ። በ2024 መጀመሪያም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ መኪናውን እዚያው ሸጦ ገንዘቡን መላክ ይሻላል።

በአገር ቤት የሚሰጥ ነጋዴም የሚጠነቀቅባቸው ነገሮች አሉ። በ2016 የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅቶች የተሰጠ ስጦታ ከዓመቱ ግብር የሚከፈልበት ገቢ ከመቶ 10 እስካልበለጠ ድረስ እንዲቀነስ ወሰነ። ስለዚህ ስጦታው በማስረጃ የተደገፈ፣ ተቀባዩም የተመዘገበ መሆን አለበት። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ያን መብት ለሌለው ወገን ሲተላለፍ ቀረጡና ታክሱ ስለሚጠየቅበት፣ ይህ ሳይጣራ መስጠት ለተቀባዩ ዕዳ ማውረስ ነው። የስጦታው ውል በውልና ማስረጃ መሥሪያ ቤት መጽደቅ፣ ሊብሬውም ወደ ተቀባዩ ስም መዛወር ይገባዋል። ሰሌዳውን፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ማመሳከርም የጸሐፊው ግዴታ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን መኪና የሚበላ ስጦታ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ነዳጅ፣ ጎማ፣ መለዋወጫ፣ ኢንሹራንስ፣ የዓመት ምርመራ፣ የሾፌር ደመወዝ፣ እነዚህ ሁሉ በየወሩ ይጠብቁታል። ወላጅ አልባ ሕፃናትን ለሚያሳድግ ቤት ያረጀ መኪና ሰጥቶ መሄድ፣ ለልጆቹ ወተት የታሰበውን ገንዘብ ወደ ጋራዥ መላክ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብልህ ሰጪ መኪናውን አሳድሶ፣ ቢቻልም የመጀመሪያውን ዓመት ኢንሹራንስ ከፍሎ ይሰጣል። ይህ የማይቻለው ከሆነ ሸጦ ገንዘቡን ይሰጣል።

ማጠቃለያ

የተሰጠ ዕቃ ሦስት ዋጋ አለው። አንደኛው በባለቤቱ አፍ ያለው፣ ሁለተኛው በመዝገብ የተጻፈው፣ ሦስተኛው በተቀባዩ እጅ የገባው ነው። ታማኝ ነጋዴ እነዚህ ሦስቱ እንዲቀራረቡ ይደክማል። 2,400 ተብሎ ተጽፎ 31 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሆኖ የደረሰው ስጦታ ሦስቱ እጅግ ሲራራቁ ምን እንደሚሆን ያሳያል። ድሀ የሚበላው የደረሰውን ነውና፣ ሰጪው መጀመሪያ መጠየቅ የሚገባው «ስንት ያወጣል?» ብሎ ሳይሆን «ስንቱ ይደርሳል?» ብሎ ነው።

ለልምምድ የቀረቡ ጥያቄዎች

1) በአሜሪካ የሚኖር አንድ ሰው የሰጠው መኪና በሐራጅ በ1,200 ዶላር ተሸጠ፤ ለድርጅቱ የደረሰው 500 ዶላር ነው። ሰውዬው ዝርዝር የሚያስታውቅ ቢሆን የሚፈቀድለት ከፍተኛው ተቀናሽ ስንት ነው? ምክንያቱስ?

2) አንድ ባለሱቅ በመዝገቡ ላይ በእርጅና ተቀንሶ ያለቀ፣ በገበያ ግን 3,000 ዶላር የሚያወጣ የሱቅ መኪና ሊሰጥ አሰበ። ጸሐፊው ምን ሊመክረው ይገባል?

3) አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ከቀረጥ ነፃ ያስገባውን መኪና ለአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ለመስጠት ቢፈልግ፣ ውሉ ከመጻፉ በፊት መጣራት የሚገባቸው ነገሮች የትኞቹ ናቸው?